«ባለሙያ ናት» ስንል ምን ማለታችን ነው? የድሮ የትዳር ምክር ከጓዳ ወደ ሕግ፣ ከሕግ ወደ ስልካችን

ዛሬ በአንዲት ቃል እንጀምር። ቃሏ «ባለሙያ» ናት።

«እሱ እኮ ባለሙያ ነው» ብንላችሁ ማን ይመጣባችኋል? መሐንዲስ፣ መካኒክ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ምናልባት ሐኪም። እሺ፣ አሁን ደግሞ «እሷ እኮ ባለሙያ ናት» እንበላችሁ። ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ዶሮ ወጥ ነው። ካልሆነም ጠላ፣ ድርቆሽ፣ ዓይኑ የበዛ እንጀራ።

ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ጾታው ብቻ ነው። የእሱ ሙያ ከቤት ውጭ ነው፣ ደመወዝም አለው። የእሷ ሙያ ጓዳ ውስጥ ነው፣ የሚከፍላት ግን የለም።

ይህ ልዩነት ከሰማይ የወረደ አይደለም። «ጥሩ ሚስት እንዲህ ታድርግ፣ ጥሩ ባል እንዲህ ይሁን» እያለ ለረጅም ዘመን ሲመክር የኖረ የቤት አያያዝ ምክር አለ። በተረት ተነግሯል፣ በመጽሐፍ ተጽፏል፣ በትምህርት ቤት ተሰጥቷል። ይባስ ብሎ ደግሞ ለ40 ዓመታት የሀገሪቱ ሕግ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፤ ሕግ ውስጥ።

ዛሬ ከሐዋሳ ሆነን የዚህን ምክር ጉዞ እናብራራላችሁ። ከየት መጣ? ምን ይል ነበር? ምኑ ተለወጠ? አሁንስ የት ነው ያለው? የመጨረሻውን ቀድመን እንንገራችሁ፦ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ውስጥ ነው።

1. መጀመሪያ ምክሩ በአፍ ነበር

በእኛ ሀገር የቤት አያያዝ ምክር መጽሐፍ አልነበረውም። መምህሯ እናት፣ አያት ወይም አክስት ነበረች። ክፍሉ ጓዳ፣ ፈተናው ደግሞ ዶሮ። በብዙ አካባቢ አንዲት ልጅ ለትዳር መድረሷ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ዶሮን በደንቡ 12 ብልት አድርጋ ማውጣቷ ነበር። 11 ከወጣ በቃ፣ ወሬ ነው። አማት ታያለች፣ ጎረቤት ትቆጥራለች።

ከሙያው ጋር አብሮ የሚሰጥ ሌላ ትምህርትም ነበር፤ ተረትና ምሳሌ። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ሲባል ሰምታችኋል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ሲባልም እንደዚያው። የመጀመሪያው ቦታ ያከፋፍላል፤ እሷ ጓዳ፣ እሱ አደባባይ። ሁለተኛው ሥልጣን ያከፋፍላል፤ እሷ ብታውቅም የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ድስት ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ እየበሰለ ነው።

አንደኛው ዕውቀት ነው። ሊጡ መቼ እንደደረሰ በሽታው መለየት፣ ቅቤ ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ አድርጎ ማንጠር፣ በርበሬን ከነቅመሙ መጥኖ ማዘጋጀት ቀልድ አይደለም። የዓመታት ልምድ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ትእዛዝ ነው። ይህንን ሥራ ማን ብቻ መሥራት እንዳለበት፣ ማን ማንን መታዘዝ እንዳለበት የሚናገር ትእዛዝ። ዕውቀቱ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ትእዛዙም ተጠቅልሎ አብሮ ተላለፈ። እስከ መጨረሻው ድረስ እነዚህን ሁለቱን ለይታችሁ ያዙልን።

2. እኛ አካባቢ «የቤት ሥራ» የቱ ነው?

የሐዋሳ ልጅ የሆነ ሰው ይህን ልዩነት ለማየት ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። እንሰትን ይመልከት።

በሲዳማ ባህል እንሰት ሲተከልና ሲያድግ ወንዶች ይሠሩበታል። ከደረሰ በኋላ ግን መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ማብላላቱ፣ በመጨረሻም ዋሳ አድርጎ ማቅረቡ በዋናነት የሴቶች ሥራ ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። የሚቀበረውም ወራት ሊቆይ ይችላል። መቼ እንደሚወጣ፣ ምን ያህል እንደሚጨመቅ፣ ለክረምት ስንት እንደሚቀመጥ የምታውቀው ሴቷ ናት። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሚሊዮኖች የሚመገቡት በዚህ ዕውቀት ነው።

እንግዲህ ይህ «የቤት ሥራ» ነው ወይስ «ግብርና»? የምትሠራው ሴት ስለሆነች ብቻ ወደ ጓዳ ሂሳብ ይገባል። ቤቱን ዓመት ከዓመት የሚያበላው ሥራ «እሷ እኮ ቤት ነው የምትውለው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል።

ሌላም ነገር አለ። «ባህላችን ሴት ትታዘዝ ይላል» ሲባል የሲዳማ ባህል ውስጥ ያለው «ያካ» ይረሳል። ያካ የሴቶች ኅብረት ነው። መሪዋ «ቃሪቾ» ትባላለች፤ የሴቶቹ የክብር በትር ደግሞ «ሲቆ» ይባላል። አንድ ባል ሚስቱን ሲበድል ሴቶቹ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ አጥፊውም ይቀጣል። ስለዚህ ባህል አንድ ድምፅ ብቻ የለውም። «ታዘዢ» የሚል እንደነበረው ሁሉ «ይህማ አይሆንም» የሚልም ነበረው። የትኛው እየተመረጠ እንደሚነገረን ማየት የእኛ ፋንታ ነው።

3. ምክሩ ወረቀት ላይ ሲወርድ

ጓዳ ውስጥ መካሪዋ ሴት ነበረች። ምክሩ ወደ ወረቀት ሲገባ ግን ብዕሩን የያዘው ወንድ ሆነ፤ ማንበብና መጻፍ የሚማረው በአብዛኛው እሱ ነበርና።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። ርዕሱ ራሱ ይናገራል፤ መካሪው አባት ነው። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ «የልብ አሳብ፡ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» በተባለው ሥራቸው ስለ ትዳር በታሪክ መልክ ጻፉ። ኅሩይ ለዘመናቸው አዲስ አሳብ ከሚያመጡት ወገን ነበሩ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ስለ ቤትና ስለ ትዳር ወረቀት ላይ የምናገኘው የዚያ ዘመን ድምፅ በአብዛኛው የወንድ ድምፅ መሆኑንም እናስተውል።

ቀጥሎ ትምህርት ቤት መጣ። በ1920ዎቹ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች ዘመናዊ ትምህርት ትልቅ በር ነበር። በዚያ ዘመን የሴቶች ትምህርት ሲታሰብ ግን ከቀለሙ ጎን ስፌትና የቤት አያያዝ አብሮ ይታሰብ ነበር። ልጅቷ ፊደል ትቁጠር፤ ጓዳዋን ግን እንዳትረሳ። የወንዶቹ ትምህርት ቤት ወጥ አሠራር አላስተማረም።

4. ምክሩ ሕግ ሆነ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የእኛ ሐዋሳም የተቆረቆረችው በዚያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሕጉና ከተማችን እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

ሕጉ ስለ ውል፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ውርስ ብዙ ነገር ያዘ፤ ብዙው ክፍሉ ዛሬም ይሠራል። የጋብቻው ክፍል ግን ምን ይል እንደነበር በራሳችን ቋንቋ እናስቀምጥላችሁ፦

• አንቀጽ 635፦ የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ባል ነው። ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እሱ ያዘዛትን መፈጸም አለባት።

• አንቀጽ 641፦ የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠው ባል ነው።

• አንቀጽ 644፦ ባል ሚስቱን መጠበቅ አለበት። ከማን ጋር እንደምትገናኝ መከታተልና ጠባይዋን መምራትም ይችላል።

• አንቀጽ 646፦ ባል ለሚስቱ ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት።

• አንቀጽ 656፦ ከሚስት የግል ደመወዝና ገቢ በስተቀር የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረው ባል ነው።

• አንቀጽ 581፦ ለማግባት ወንዱ 18፣ ሴቷ 15 ዓመት ይበቃቸዋል።

646ን እስቲ ደግማችሁ አንብቡት። አማት ወይም አክስት የምትሰጠው ምክር ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተመቶበት ተቀመጠ። ሕጉ ገንዘብ ያለውንና የሌለውን ለይቷል። ገንዘብ ካለ ሥራው ወደ ሌላ ሴት ይሄዳል፤ ወደ ቤት ሠራተኛዋ። ገንዘብ ከሌለ ሚስት ትሠራለች። ባል ሊሠራ ይችላል የሚለው አሳብ ሕጉ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

የዕድሜውስ ነገር? 15 ዓመት ማለት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ነው። ወንዱ ሦስት ዓመት ተጨምሮለት 12ኛን ሊጨርስ ይችላል። እሷ ግን ደብተሯን አስቀምጣ ዶሮዋን እንድትቆጥር ሕጉ በሩን ከፍቶ ይጠብቃታል።

«ጠባይዋን መምራት» የሚለውንም በዛሬው ዓይን እዩት። ዛሬ አንድ ሰው የፍቅረኛውን ስልክ ተቀብሎ ሜሴጅ ሲፈትሽ፣ «ይቺን ጓደኛሽን ተያት» ሲል አሳቡን አዲስ አልፈጠረውም። አያቱ ዘመን አንቀጽ ነበረው።

5. «ባህላችን ነው» ለሚሉን

ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ ኮሜንት ላይ የማይቀር ነገር አለ፦ «ይሄ ባህላችን ነው፤ እኩልነት ምናምን የፈረንጅ ነገር ነው።»

ጥሩ፣ እንየው። የ1952ቱን ሕግ ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የተባለ ፈረንሳዊ የሕግ ፕሮፌሰር ነው። ረቂቁ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ሲሆን ወደ አማርኛ የተተረጎመው ከዚያ በኋላ ነው። ፈረንሳይ ራሷ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1804 ጀምሮ በናፖሊዮን ሕጓ ሚስት ባሏን እንድትታዘዝ ታዝ ነበር። ይህንን የመታዘዝ ግዴታ የሰረዘችው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ባል የቤተሰብ ራስ ነው የሚለውን ደግሞ እስከ 1970 አቆይታዋለች።

እንግዲህ ቁጠሩት። ፈረንሳይ «ታዘዢ» የሚለውን ከሕጓ ካወጣች ከ22 ዓመት በኋላ ነው በፈረንሳዊ የተረቀቀው የእኛ ሕግ «ትታዘዝ» ብሎ የታወጀው።

አሳቡ ሙሉ በሙሉ ከውጭ መጣ እያልን አይደለም። የእኛም ቤት ያውቀዋል፤ ተረቶቹን አንስተናል። ማለት የፈለግነው ይህ ነው፦ «የጥንት ባህል» ተብሎ የሚቀርብልን ነገር አንዳንዴ ግማሹ ከሩቅ የመጣ ዕቃ ነው። የእኩልነት አሳብም እንዲሁ የፈረንጅ ብቻ አይደለም፤ የሲዳማ ሴቶች ሲቋቸውን ይዘው ለመውጣት የማንንም አዋጅ አልጠበቁም።

6. «ሆም ኢኮኖሚክስ» እና ሐዋሳ

ሕጉ አንድ ነገር ነው። ምክሩን በመንግሥት ባለሙያ በኩል ወደ ገጠር ያደረሰው ሌላ መንገድ ነበር፤ ሆም ኢኮኖሚክስ።

የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተባቸው ተቋማት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የአዋሳ ግብርና ኮሌጅ ነው። እዚያ ከእጽዋትና ከእንስሳት ትምህርት ጎን ሆም ኢኮኖሚክስም ይሰጥ ነበር። አልሚ ምግብ፣ የልጅ አያያዝ፣ ንጽሕና፣ ስፌት፣ የቤት በጀት የመሳሰሉት የዚህ ሙያ ጉዳዮች ናቸው።

ይህንን ትምህርት ማናናቅ አንፈልግም። ስለ ልጆች አመጋገብና ንጽሕና የተሰጠው ምክር የብዙ ሕፃናትን ጤና የሚመለከት ነው። ለብዙ ሴቶችም የኮሌጅ በር ሆኗል፤ የጓዳ ዕውቀትን የደመወዝ ሥራ ያደረጉ የመጀመሪያዎቹ «ባለሙያዎች» እነሱ ናቸው።

ግን ሥልጠናው ገጠር ሲደርስ እንዴት ይከፋፈል ነበር? በሀገራችን ለረጅም ጊዜ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ በሬ የሚሰጠው ምክር ለአባወራው ይሄድ ነበር። ለሴቷ ደግሞ ምግብ አሠራርና ስፌት። አሁን እንሰቱን አስታውሱት። ምርቱን ፍቃ፣ ጨምቃ፣ አብላልታ ለምግብ የምታደርሰው ሴት እንደ ገበሬ ሳትሆን እንደ ወጥ ሠሪ ታየች ማለት ነው። ምክሩ የተሳሳተ ዕውቀት ስለያዘ አልነበረም ችግሩ። ምክሩ የሚሰጣትን ሰው ማንነት ስላላየ ነበር።

7. ሕጉ እንዴት ተለወጠ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 እና 35 ላይ ወንድና ሴት በጋብቻ ውስጥ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የ1952ቱ የጋብቻ ሕግ ግን ወዲያው አልተነሳም፤ ለተወሰኑ ዓመታት ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ።

ሕጉ እንዲሻሻል ከገፉት መካከል የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር አንዱ ነው። ስሙን ልብ በሉት፤ «ባለሙያ ሴቶች» ይላል። እነዚህ ባለሙያዎች ግን ዶሮ ሲገነጥሉ አልነበረም፤ አንቀጽ ሲገነጥሉ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። ምን ተለወጠ?

• ለማግባት ሁለቱም 18 ዓመት ሊሞላቸው ይገባል።

• ቤተሰቡን በመምራት ባልና ሚስት እኩል መብት አላቸው። «ትታዘዝ» የሚለው ወጣ።

• ተጋቢዎች መከባበር፣ መደጋገፍና መረዳዳት አለባቸው።

• መኖሪያቸውን በጋራ ይመርጣሉ።

• የጋራ ንብረታቸውን በጋራ ያስተዳድራሉ።

• «ሠራተኛ ከሌለ ሚስት ትሥራ» የሚለው ቦታ አላገኘም።

ይህ የፌዴራል ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ፤ ሐዋሳ ዋና ከተማው የነበረችው የቀድሞው የደቡብ ክልልም የራሱን አውጥቷል። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለይቶ ወንጀል አደረገ። ስለዚህ «የባልና የሚስት ጉዳይ ነው፣ ማንም አይገባም» የሚለው ምክርም በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።

8. ወረቀቱ ተቀየረ፤ ጓዳውስ?

ይህን የሚመልስ አንድ ጥናት አለ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ሴቶችንና ወንዶችን «ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ወይ?» ብሎ ጠይቋል። አምስት ምክንያቶች ተዘረዘሩላቸው፦ ምግብ ካሳረረች፣ ከተከራከረችው፣ ሳትነግረው ከወጣች፣ ልጆቹን ችላ ካለች፣ አብራው ለመተኛት እምቢ ካለች።

ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «ተገቢ ነው» ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ወንዶቹ ደግሞ 28 በመቶ።

አዎ፣ የሴቶቹ ቁጥር ይበልጣል። ይህን አይቶ «ይኸው ራሳቸው ይፈልጉታል» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ምክሩ ለማን ሲነገር ነው የኖረው? ለእሷ። ከልጅነቷ ጀምሮ «ወጥሽ ካረረ ጥፋቱ ያንቺ ነው» ስትባል ያደገች ሰው ጥያቄውን ስትሰማ የምትመልሰው የተማረችውን ነው። የድሮ ምክር ትልቁ ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ የሚጎዳትን ሰው ራሷን ጠባቂ አድርጎ ያቆማታል።

እዚያው 2008 ዓ.ም. ላይ ሐዋሳ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። በሐምሌ ወር የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከገጠር ወደ ከተማ የመጡ። ጠዋት በጅምላ ወደ ፓርኩ ሲገቡ፣ ማታ ሲወጡ ያላየ የሐዋሳ ሰው የለም።

አንዲት የፓርኩን ሠራተኛ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ውላለች። ስፌቱ ድሮ «የሴት ሙያ» ነበር፤ አሁን ደመወዝ አለው። ማታ ወደ ተከራየችው ክፍል ስትመለስ ግን ሁለተኛው ፈረቃ ይጠብቃታል፤ ውኃ መቅዳት፣ ማብሰል፣ ማጠብ። ባል ወይም ወንድም ካለ እሱም ሲሠራ ውሎ ደክሞት ይገባል። ልዩነቱ ምንድን ነው? የእሱ ድካም እረፍት ያስፈልገዋል፤ የእሷ ድካም እራት። አንቀጽ 646 ከተሰረዘ ዓመታት አልፈዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን አሁንም ይሠራል።

9. አሁን ስልካችሁ ውስጥ

ኢንተርኔት ላይ በተደጋጋሚ የሚዞር አንድ ምስል አለ። «የጥሩ ሚስት መመሪያ» ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ከወጣ የአሜሪካ መጽሔት የተወሰደ ነው ይባላል። ባሏ ከሥራ ሲገባ እራት እንዲደርስ፣ ልጆቹ ጸጥ እንዲሉ፣ እሷም የት ዋልክ ብላ እንዳትጠይቅ ይመክራል። ሰው ወይ ይስቅበታል ወይ «እውነት ነው፣ የድሮ ሴቶች ይሻላሉ» እያለ ሼር ያደርገዋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? መረጃ አጣሪዎች ያንን ዋናውን የመጽሔት ገጽ ፈልገው አላገኙትም። ምስሉ በኋላ የተቀናበረ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዘመን ተመሳሳይ ምክር በእውነትም ይጻፍ ስለነበር ነው ሰው በቀላሉ የሚያምነው።

እውነተኛውን ከፈለጋችሁ አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1861 ለንደን ውስጥ ኢዛቤላ ቢተን የተባለች ሴት ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ የቤት አያያዝ መጽሐፍ አሳተመች። የቤቷን እመቤት ከጦር አዛዥ ጋር አመሳስላታለች። መጽሐፉን የሚያነቡ ሰዎች ጸሐፊዋን እንደ አንዲት ሸምገል ያሉ ወይዘሮ ያስቧት ነበር። እሷ ግን መጽሐፉ ሲወጣ ገና 25 ዓመቷ ነበር። ከዚህ በላይ የሚገርመው ደግሞ ራሷ ቤት የምትውል ሴት አልነበረችም፤ ከባሏ ጋር ቢሮ እየገባች መጽሔት የምታዘጋጅ ጋዜጠኛ ነበረች። በ28 ዓመቷ ሞተች። ለሌሎች ሴቶች ቤታቸውን የሚገዙበትን መጽሐፍ የጻፈችው ከቤት ውጭ በያዘችው ሙያ ነው።

ዛሬ ቲክቶክ ላይ «ጥሩ ሚስት የምትታወቅባቸው 7 ምልክቶች» እያለ የሚመክረንን ሰው ስናይ ይህን እናስታውስ። ምክር መሸጥም ሥራ ነው። «ሴት ቤቷን ትያዝ» የምትለዋ ገጽ ባለቤት ካሜራ ፊት ቆማ ገቢዋን እየሠራች ነው።

10. ታዲያ የድሮውን ሁሉ እንጣል?

በፍጹም። የአያቶቻችን ዕውቀት ቢጠፋ የምንጎዳው እኛ ነን። ቆጮ ማብላላት፣ ቅቤ ማንጠር፣ ጠላ መጥመቅ የሚችል ሰው ካላስተማረ ዩቲዩብ ብቻውን አያድነውም። መጣል ያለበት ከዕውቀቱ ጋር ተጠቅልሎ የመጣው ትእዛዝ ነው።

የቤት ምክር ሲያጋጥማችሁ፣ ከመጽሐፍ ይሁን ከሪልስ ወይም ከአክስት፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦

አንደኛ፣ ይህ ዕውቀት ነው ወይስ ትእዛዝ? «ሽንኩርቱ ሳያርር በቀስታ ይቁላላ» ዕውቀት ነው። «ሴት ልጅ ናት የምታቁላላው» ትእዛዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ጾታውን ብንቀይረው ያስቃል? «ባል ሚስቱ ስትገባ ፈገግ ብሎ ይቀበላት፣ ደክሟት ይሆናልና አይጨቅጭቃት» ብላችሁ ለጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው። ካሳቃቸው ምክሩ ስለ ፍቅር አልነበረም፤ ስለ ሥልጣን ነበር። ካላሳቃቸው ጥሩ፤ ለሁለቱም ይሠራል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ማን ነው ጊዜውን የሚከፍለው? እያንዳንዱ «ቤት እንዲህ ይሁን» የሚል ምክር የአንድ ሰው ሰዓት ነው። ያ ሰዓት የእህታችሁ የጥናት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ለማትሪክ የምትዘጋጅ ልጅ ሳህን ላይ ቆማ፣ ወንድሟ ደብተር ላይ ተቀምጦ ካያችሁ የድሮው ምክር ዛሬ ማታ እናንተ ቤት ውስጥ እየሠራ ነው። ለመለወጥም አዋጅ አይጠብቅም፤ ሳህኑን የሚቀበላት አንድ ወንድም ይበቃል።

እና ቃሏ? «ባለሙያ»? እሷን አንጣላት፤ እናስፋት። ለሕግ ባለሙያዋም፣ ለፓርኩ ሰፊዋም፣ ዋሳ ለምታዘጋጀዋም፣ ዶሮ 12 ብልት አድርጎ ለሚያወጣውም ወንድ ትሁን። በነገራችን ላይ እዚህ አሞራ ገደል ብትወርዱ ዓሣ በቢላ ሲገፉና ሲያዘጋጁ የሚውሉ ወንዶችን ታያላችሁ፤ «የሴት ሥራ ነው» ያላቸው ሰው የለም። ሲከፈልበት ጾታው ይረሳል ማለት ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ዛሬ ማታ እናታችሁን ወይም አያታችሁን አንድ ነገር ጠይቁልን፦ «ስታገቢ ምን ብለው መከሩሽ? ከዚያ ውስጥ ለልጅሽ የምታስቀሪው የቱን ነው?» መልሷን ስሟን ሳትጠቅሱ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ምናልባት ከመጽሐፎቹ ሁሉ የሚሻለው ምክር እዚያ ይሆናል።